ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ፦ ሰሜን ሸዋን በመኪና ስለ መዞር ጥያቄና መልስ

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። 22 ዓመት በሾፌርነት ስሠራ የዞናችንን ወረዳዎች በጭቃም በአቧራም አይቻቸዋለሁ። ሰሞኑን «ሰሜን ሸዋን በመኪና መዞር የምትፈልጉ ጠይቁኝ» ብዬ ነበርና የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በዚህ መንገድ ወደ ላሊበላ ሁለት ጊዜ አልፈናል። ከጣርማበር ዋሻ በቀር ዓይናችን የያዘው ነገር የለም። ምን አመለጠን?

አስፋልቱን ስላልለቀቃችሁ ብዙ አምልጧችኋል። ጫጫ ላይ ብትታጠፉ አንጎለላ ቅርብ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱባት ምድር ናት። ደብረ ብርሃንን ቁርስ በልታችሁ አልፋችኋት ይሆናል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ከከተማዋ ወጣ ስትሉ ደግሞ ልቼ አለ። በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ጥያቄያቸውን ትተው ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ የገበሩት እዚያ ነው። ሾፌር ሆኜ ልቼን ስንት ጊዜ በግዴለሽነት እንዳለፍኋት ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሌሊት እደሩና በየቀኑ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያዙ።

ጥያቄ፦ ያለችኝ ቪትዝ ናት። ይበቃኛል?

ለደብረ ብርሃን፣ ለደብረ ሲና፣ ለሸዋ ሮቢት ያለ ችግር ይበቃሃል። ከአስፋልት ወጥቶ ፒስታ ለሚገባ ግን ሆዷ ለመሬት የቀረበ መኪና ድንጋይ ይመታታል፤ በክረምት ደግሞ አይሞከርም። እነ እነዋሪና ደነባ ያሉበት ሜዳ መረሬ አፈር ነው። ስንዴውን፣ ጤፉንና የታወቀውን የጅሩ ሰንጋ የሚያበላን አፈር ዝናብ ሲነካው ጎማ ይዞ አይለቅም። እዚያ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና እንኳ ሲቆም አይቻለሁ። በየትኛውም መኪና ብትሄድ ስኮርታው አየር እንዳለውና ክሪኩ እንደሚሠራ ከቤትህ ሳትወጣ እይ፤ ነዳጅህንም ደብረ ብርሃን ላይ ሙላ።

ጥያቄ፦ የመንገዱ ሰላምስ?

በጉዞው ዋዜማ የምትሄድበት ከተማ ወዳለ ሰው ደውለህ ጠይቅ፤ በማለዳ ስትነሣ እንደገና ጠይቅ። «ዛሬ አትምጣ» ካለህ አትሂድ። ከመሸ በኋላ ደግሞ በምንም ምክንያት አትንዳ።

ጥያቄ፦ መንዝ ጓሳ ሲባል እሰማለሁ። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ድካሙ ይገባዋል?

እህቴ፣ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ጓሳን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጣርማበር ላይ ዋሻው ውስጥ ሳትገቢ ወደ ግራ ታጥፈሽ የመሐል ሜዳን መንገድ ትይዣለሽ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ዛፉ ይቀርና ጅብራና ጓሳ ሣር ብቻ ይሆናል። ቀይ ቀበሮ በማለዳ አይጥ ሲያድን የሚታየው እዚህ ነው። የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ አጠገብሽ ይቀመጣል።

እኔን ከአውሬው ይልቅ የሚገርመኝ የሰዉ ሥራ ነው። የመንዝ ሰው ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ጠብቆ ኖሯል። በትውፊት አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ በበጋ ይከፍቱትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ያጭዱት ነበር። ሕጉን የጣሰ ይቀጣ ነበር። የመንግሥት ዘበኛ ባልነበረበት ዘመን ጓሳ ሳይታረስ የኖረው በዚህ ነው። ስለዚህ ስትሄጂ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዘሽ ሂጂ፤ ክፍያሽም ለጠባቂዎቹ ልጆች ይድረስ። ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነው። የመንዝ ባና ገበያ ላይ ካገኘሽ ግዢ፤ ከበግ ፀጉር በእጅ የተፈተለ ነው፤ እኔ አባቴ የለበሰውን እስካሁን እለብሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት እፈራለሁ። ጀማን በመኪና መውረድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ፍርሃትህም ተገቢ ነው። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ ታጥፈህ ለሚን ስታልፍ ምድሩ ድንገት ያልቅና ከሥርህ የጀማ ሸለቆ ይከፈታል። ተሻግረህ ስትወጣ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። ላይ ሹራብ ለብሰህ ትነሣለህ፣ ወንዙ ዳር ሸሚዝ ይከብድሃል።

ልጅነት ይዞኝ ሳለ ያንን ቁልቁለት ጭነት ይዤ ፍሬን እየረገጥሁ ወረድሁ። ግማሽ ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ፤ ወዲያው ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ላላ። ማርሽ ቀንሼ፣ የገደሉን ተቃራኒ ይዤ፣ በእጅ ፍሬን አቆምኋት። አንድ ሰዓት ያህል ሳቀዘቅዝ አንድ አዛውንት ገበሬ ውኃ ሊያቀብሉኝ መጡ። ፍሬኑ ላይ እንዳላፈስ ግን ራሳቸው ከለከሉኝ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል አሉኝ። ውኃውን ጠጣሁት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜም በምወጣበት ማርሽ እወርዳለሁ። መኪናህ አውቶማቲክ ከሆነም መራጩን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አውርደው እንጂ በፍሬን ብቻ አትያዛት። ፍሬን ነካ አድርገህ ልቀቅ፤ እግርህ ፔዳሉ ላይ አይኑር። ሽታ ከመጣ ቁም፤ ሞተሩን ግን በቁልቁለት ላይ አታጥፋ፤ መሪውም ፍሬኑም ይከብድሃል።

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድም ይኸው ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። እዚያ ጉሙ ይጨመራል። ጉም ሲይዝህ አጭሩን መብራት አብራ፤ ረጅሙ መልሶ ዓይንህን ይወጋዋል።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር እንምጣ?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር። አደዩ ሳይረግፍ፣ እህሉ ሳይታጨድ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ፤ ባትሪው የደከመ መኪና ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት አይነሣም።

ጥያቄ፦ አንኮበርን በአንድ ቀን አይተን መመለስ እንችላለን?

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትችላላችሁ፤ ግን እደሩ። የሸዋ ነገሥታት መዲና የነበረው ኮረብታ ላይ ማለዳ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ይታያል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚህ ሆነው ነጋዴውን ለምን ይቆጣጠሩ እንደነበር ያኔ ይገባችኋል። ከሥር ያለችው አልዩ አምባ ከባሕር በር የሚመጣው የግመል ጭነት የሚራገፍባት ገበያ ነበረች። ጊዜ ከተረፋችሁ ወፍ ዋሻ ደን ግቡ፤ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው በእግር የሚታይ ነው፣ መኪናውን አቁሙት። የመናገሻ ሱባ ደን ዘሩ ከዚህ እንደሄደ ይነገራል።

ጥያቄ፦ ከከሚሴ ነኝ። የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ በእናንተ በኩል አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ወንድሜ፤ በጣምም ተረስቷል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋት ከተሞች ከገደሉ ሥር ባለው ቆላ ነበሩ። የኖራና የአስበሪ የድንጋይ መስጊዶች ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። መኪና በር ድረስ አይገባም፤ ከሸዋ ሮቢት ተነሥታችሁ የአካባቢውን ሽማግሌ ይዛችሁ በእግር ትሄዳላችሁ። ድንጋዩን አታንሡ፣ መቃብሩ ላይ አትቁሙ። አርጎባዎቹ ቡና ካቀረቡላችሁ ደግሞ ሳትጠጡ አትነሡ።

ጥያቄ፦ ምንጃርስ?

በሞጆ በኩል ወደ አረርቲ። በነጭ ጤፉና በሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የታወቀ ነው። ጥሩ የአንድ ቀን ጉዞ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ መንዝ ተወልዶ በልጅነቱ ነው የወጣው። አሁን 78 ዓመቱ ነው፤ ሀገሩን ላሳየው እፈልጋለሁ። ይቻለው ይሆን?

ልጄ፣ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለበት ከፍታው ይከብደዋል። ከፈቀደ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሌሊት አሳድሪው፤ ሰውነቱ ይለምዳል። ጠመዝማዛው ስለሚያዞር ከፊት ወንበር ይቀመጥ፤ በየሰዓቱ ቆማችሁ ይውረድ። ዓርብና ረቡዕ ከሆነ የጾም ምሳውን ቋጥሪ፤ መንገድ ላይ ላይገኝ ይችላል። ጣርማበር ላይ ስትታጠፉ መስኮቱን ዝቅ አድርጊለት፤ የጓሳው ሽታ ከሩቅ ይመጣል። የትውልድ ቀበሌውን ስም ላኪልኝ፤ መንገዱን እስከ ደጁ ድረስ እጽፍልሻለሁ።