የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከአሜሪካ የመጣው ስፒከር ጅማ ሲገባ ለምን አኮረፈ?

ጥያቄ (ከጅማ፣ መንደራ)

ሰላም ጋሼ፣ አጎቴ አሜሪካ ሆኖ ዘፈን የሚሰማባቸውን ጥንድ ስፒከሮች ሰሞኑን ላከልኝ፣ የእንግሊዝ ስሪት ናቸው፣ ትንንሽ ናቸው ግን አንዱን ሳነሳው ክብደቱ ገረመኝ፣ ዋጋቸውን ሲነግረኝ ደሞ ጭራሽ መንካት ፈራሁ። ጀርባቸው ላይ 85 ዲቢ፣ 8 ኦህም ይላል። ቤት ከነበረው ቴፕ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ጋር አገናኘኋቸው፣ እውነቱን ልንገርዎት ቅር ብሎኛል። የጎረቤታችን ትልቁ ስፒከር በድምፅ ይበልጣቸዋል፣ ባሱ ቡም ቡም ይላል፣ ከግማሽ በላይ ስከፍተው ይሰነጠቃል፣ የድሮ ዘፈኖች ደሞ ከበፊቱ ባሰባቸው። ሳሎናችን 4 በ 4 ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ዙሪያውን አረቢያን መጅሊስ ነው። ስፒከሮቹ ቡፌ ውስጥ ናቸው ምክንያቱም እናቴ ሌላ ቦታ አላስቀምጥም ብላለች፣ ዳንቴልም አልብሳቸዋለች። አንድ ጓደኛዬ ኬብሉን ቀይር አለኝ፣ የተጠየቅኩት ብር ግን የጤና አይደለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የኬብሉን ብር ኪስህ መልሰው። ኤሌክትሪክ እቃ መሸጫ የምታገኘው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ያ ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ ለአንድ ሳሎን ይበቃል ይተርፋል። ይልቅ ቀዩ ከቀይ ጥቁሩ ከጥቁር መግባቱን በሁለቱም ስፒከር ላይ እይ፣ አንዱ ከተገለበጠ ባሱ ይጠፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ መሀል ላይ መቆሙን ትቶ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

ያ 85 ዲቢ (ዴሲቤል) የሚለው ነገር ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ ሆነህ የምትሰማው የድምፅ መጠን ነው፣ 8 ኦህም ደሞ ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገታበት ልክ ነው። የጎረቤትህ ስፒከር 95 ቢሆን እሱ በ1 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ያንተ ለማውጣት 10 ዋት ይፈልጋል፣ በየ3 ዲቢው የሚፈለገው ዋት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ጎረቤትህ በለጠህ ማለት የሱ ስፒከር ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ጮክ ማለት ይቀለዋል በቃ። ትንሽ ሳጥን ጥልቅ ባስ እንዲያወጣ ሲፈለግ የሚከፈለው ዋጋ ይሄ ነው። ስመ ጥሩው የእንግሊዝ ትንሽ ስፒከር ኬኢኤፍ ኤልኤስ50 ራሱ 85 ነው፣ ሰሪዎቹም ከ25 እስከ 100 ዋት አምፕ ስጡት ነበር የሚሉት።

እና ችግሩ ያለው አምፑ ላይ ነው። የነዚህ ቴፖች ካርቶን ላይ 1000 ዋት ምናምን ተብሎ ይጻፋል፣ አጠገቡ ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ ያወጣዋል የሚባለው ዋት) የምትል ካየህ ቁጥሩን እርሳው፣ አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት) የሚለውን ብቻ ነው የምታምነው፣ እሱን ስትፈልግ ደሞ ብዙ ጊዜ ከ20 አያልፍም። አምፑ አቅሙ ሲያልቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ጫፉን እየቆረጠ ይልካል፣ ያ የምትሰማው መሰንጠቅ እሱ ነው፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትዊተር የሚያቃጥላትም እሱ ነው። ሰው ስፒከር የሚቃጠለው በትልቅ አምፕ ይመስለዋል፣ አቅም ያጣ ትንሽ አምፕም ሲጨነቅ ያቃጥላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስፒከር እውነተኛ 50 ዋት የሚሰጥ ያገለገለ የጃፓን አምፕ ፈልግ፣ እስከዛ ድረስ ሲሰነጠቅ ቀንስ።

እግረ መንገዴን፣ አጎትህ "አምፑንም ልላክልህ" ካለህ ጀርባውን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። የአሜሪካ እቃ ብዙው በ120 ቮልት ነው የሚሰራው፣ የኛ ሶኬት 220 ነው፣ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካኸው በሰከንድ ውስጥ ሽታው ይነግርሃል። ስፒከሮቹ ግን ሶኬት ላይ የማይሰኩ ስለሆኑ ይሄ አይመለከታቸውም።

አሁን ወደ ሳሎኑ። 4 በ 4 ስትል አዘንኩልህ፣ ምክንያቱም ለድምፅ ከሚያስቸግሩት ክፍሎች አንዱ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ 4 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መሀል ሲመላለስ 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ጊዜ የሚርገበገብ) አካባቢ ያለው ባስ እየተደራረበ ያብጣል። የክፍሉ አራቱም ጎን እኩል ሲሆን ደሞ በቁመቱም በወርዱም ያው 43 ላይ ነው የሚያብጠው። በዛ ላይ ይሄ እብጠት ከሁሉም የሚበረታው ግድግዳው ስር ነው፣ መጅሊስ ደሞ የሚዘረጋው የት ነው? ግድግዳ ስር! ቡም ቡም የሚለው ለምን እንደሆነ ገባህ።

መጅሊሱን ለስፒከር ብለህ መሀል ቤት አውጣ አልልህም፣ እናትህ ሁለታችንንም ያባርሩናል። የሚንቀሳቀሰው ስፒከሩ ነው። ከቡፌው ይውጣ፣ ከጥግ ይራቅ፣ ከኋላው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 50 ሴንቲ ይለይ፣ ሁለቱ ስፒከሮችና አንተ ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ስሩ። (ጥግ ላይ እንዲቆም ታስቦ የተሰራ ስፒከር የለም ማለቴ አይደለም፣ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሊፕሽሆርን ጥጉን እንደ አካሉ ነው የሚጠቀምበት፣ ያንተ ግን እንደዛ አይደለም።) ስፒከሩ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለው ካርቶኑን ፈትሽ፣ ለሱ መወተፊያ ስፖንጅ አብሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ከሌለ ንጹህ ካልሲ ጠቅልለህ ወትፈው፣ ባሱ ይረጋል። ሴራሚኩ ላይ ደሞ በስፒከሩና በመቀመጫህ መሀል ወፍራም ስጋጃ አንጥፍ። መሀል ቤት ቆመህ አንዴ አጨብጭብ፣ ጭብጨባው ተመልሶ ጥርርር ካለ ምንጣፉ አልበቃም፣ መጋረጃውንም ወፈር አድርገው።

ማቆሚያውን ከውጭ እንዳታስመጣ፣ አናጺ የሞላበት ጅማ ተቀምጠህ! አብዛኛው ማቆሚያ የሚሰራው ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው፣ መጅሊስ ላይ ግን ጆሮህ ዝቅ ይላል። እንደምትሰማው ሆነህ ተቀመጥና ከወለል እስከ ጆሮህ ሰው ይለካህ። 80 ሴንቲ ከሆነና ትዊተሯ ከሳጥኑ ስር 20 ሴንቲ ላይ ካለች ማቆሚያው 60 ይሁን። ዋንዛ ካገኘህ በዋንዛ አሰራው፣ እግሩ ሰፊ ይሁን፣ ህጻን ሲደገፈው እንዳይወድቅ።

እናትህን በተመለከተ፣ ዳንቴሉ ለቡፌው ይቅር በላቸው፣ ስፒከር ላይ ከዋለ ቀጭኑን ድምፅ ያፍነዋል። ቡና ሲፈላ ግን ስፒከሩን ከረከቦቱ አርቀው፣ የእጣኑና የከሰሉ ጭስ ትዊተሯ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ደሞ በእርጥብ ጨርቅ አትጠረግም፣ በጣትም አትነካም፣ አቧራ ካለ በለስላሳ የቀለም ቡርሽ ቀስ ብለህ። ህጻናት ከመጡ መሸፈኛ መረቡን አልብሰው፣ መሀል ላይ ያለችው ጉብታ ልጅ ካየች ጣት ትጠራለች።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሱ ጋር አትፎካከር፣ ጅማ ላይ ዝናብ ያሸንፋል፣ ያኔ ቮልዩም የሚጨምር ሰው ነው ትዊተር የሚያጣው። መብረቅ ሲጀምር አምፑን ከዲቫይደሩ ንቀለው፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ትንሽ ቆይተህ ሰካ።

የድሮ ዘፈኖቹ ባሰባቸው ያልከው ደሞ ስፒከሩ ስራውን እየሰራ ስለሆነ ነው። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት የድምፅ መረጃ ይዞ ነው የሚያጫውተው፣ አንተ ቴሌግራም ላይ ያወረድከው ፋይል ምናልባት 128 ነው፣ እሱም ካሴት ተገልብጦ ከካሴቱ ዩቲዩብ ከዩቲዩብ እንደገና ወርዶ ሊሆን ይችላል። የበፊቱ ቴፕህ ይሄን ይደብቅልህ ነበር። በደንብ የተቀዳ ነገር ፈልግና ሞክረው፣ እኔን ከጠየቅከኝ በሀገርህ ልጅ ጀምር፣ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለደው ጅማ ነው። ቫይብራፎኑን (በመምቻ የሚመታውን የብረት መሣሪያ) አንዴ ሲመታው ድምፁ ወዲያው አይቆምም፣ እየተንቀጠቀጠ እየቀጠነ ይሄዳል፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ከተከተልከው ስፒከሩ በትክክል ቆሟል።

ጥያቄ (ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

የአባቴ የድሮ ትልልቅ ስፒከሮች አሉ፣ ወረቀቱ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ስነካው እየተፈረፈረ ነው። ባለሙያው ጣያቸው አለኝ፣ አሳዘኑኝ።

መልስ

እህቴ እንዳትጥያቸው። ያ ስፖንጅ በእድሜና በእርጥበት የሚበሰብስ ነው፣ ጅማ ደሞ እርጥበቷን ታውቂያታለሽ። ጠርዙ ብቻ ይቀየራል። ከመቀየሩ በፊት ግን የሁለት እጅሽን ጣቶች ወረቀቱ ላይ ግራና ቀኝ አድርገሽ እኩል ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ግፊው፣ ያለ ምንም ድምፅ ገብቶ ከተመለሰ ውስጡ ጤነኛ ነው፣ ከርከር ካለ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል እየታከከ ነው፣ ያኔ ወጪው ይበዛል። ጤነኛ ከሆነ ዲያሜትሩን በሴንቲሜትር ለክተሽ ዕቃውን ለሚያመጣልሽ ሰው ስጪ፣ ከተገኘ ስፖንጁን ትተሽ የጎማ ጠርዝ አስመጪ፣ እርጥበቱን እሱ ይችለዋል።

ጥያቄ (ከጅማ፣ ጅሬን)

ጥሩ ስፒከር እንዳለኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ አሁን ለሰርግ አውሰን እያሉኝ ነው፣ እምቢ ብል ቅያሜ ነው። ምን ልበል?

መልስ

ቅያሜው ይሻልሃል፣ ስፒከሩ ከድንኳን ተመልሶ እንደነበረ ሆኖ አይገባም። የቤት ስፒከር ለአንድ ክፍል ነው የተሰራው፣ ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስለት ግድግዳ የለም፣ ሰው ደሞ አልሰማ ሲለው ይጨምራል፣ ማታ ላይ ትዊተሯ ሄዳለች። እምቢ ከምትል ግን የሞንታርቦ ኪራዩን እኔ አግዛለሁ ብለህ ቀድመህ ተናገር፣ ከአዋጡት ውስጥ የመጀመሪያው ሆነህ ከተገኘህ ማንም አይቀየምህም፣ ስፒከሩንም በሰርጉ ቀን መኝታ ቤት አስገብተህ ቆልፍበት።