ፕሮሰሰር ከገባ ወዲህ ድምፃችን አስቸገረ ላለው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ያለው ኤፍኤም ጣቢያችሁ አዲስ ፕሮሰሰር (ድምፁን ወደ አየር ከመውጣቱ በፊት የሚያስተካክል መሣሪያ) ከተገጠመለት ወዲህ «ሰ» እና «ሸ» ያፏጫሉ፣ አቅራቢው ዝም ሲል የክፍሉ ጩኸት ብቅ ይላል፣ አድማጩም ድምፃችሁ ጆሮ ያደክማል ይላል፤ የትኛውን ልንካ ነው ያልከው። እኔም ሰሜን ሸዋ ውስጥ በዚሁ ሥራ ስለቆየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ትራንስሚተሩን (ማሠራጫውን) እይ። ኤፍኤም ቀጭኑን ድምፅ ሆን ብሎ አጉልቶ ይልካል፣ የአድማጩ ሬዲዮ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል። ፕሪኤምፋሲስ የሚሉት ይኸው ነው። እኛ ጋ 50 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ አሜሪካ 75፤ ስለዚህ ዕቃው በ75 ተሞልቶ መጥቶ እንደሆነ አረጋግጥ። በ50 እንኳ 15 ኪሎ ሄርዝ ላይ ወደ 14 ዴሲቤል ይጨምራል። ፕሮሰሰሩም ትራንስሚተሩም እየደረቡ ካጎሉት ምን እንደሚሆን አስበው! የፉጨቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ 50 አድርገህ ትራንስሚተሩ ላይ አጥፋው። ይህን ሳታጣራ ኢኳላይዘር ብትነካ ድካምህ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ኤጂሲ፣ ማለትም ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ የሚያደርገው የፕሮሰሰሩ ክፍል። ከሚክሰሩ የሚመጣው ድምፅ በተለመደው ልኩ ሲገባ፣ ኤጂሲው ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ሲቀንስ እንዲታይ ግቤቱን አስተካክል። ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሚናገር እንግዳም ከፍ ለማድረግ ቦታ ይኖረዋል። ሪሊሱን፣ ማለትም ድምፁን መልሶ ከፍ የሚያደርግበትን ፍጥነት፣ አዘግየው። የክፍሉ ጩኸት የሚነሳው ጌቱ (ንግግር ሲቆም ኤጂሲው ድምፅ እንዳያነሳ የሚያግደው) በጣም ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ነው፤ አቅራቢው ትንፋሽ ሲወስድ ኤጂሲው ድምፅ የጠፋ መስሎት የቆርቆሮውን ንፋስና የጄኔሬተሩን ድምፅ ይጎትታል። የደብረ ብርሃንን ንፋስ ታውቀዋለህ። የጌቱን ትሬሽሆልድ (ሥራ የሚጀምርበትን ልክ) ከክፍሉ ጩኸት ትንሽ ከፍ፣ ከዝቅተኛ ንግግር ዝቅ አድርገው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ድምፃችሁ የሚያደክመው፣ በኔ ግምት፣ ክሊፐሩ (የድምፁን ጫፍ የሚቆርጠው ክፍል) ከልክ በላይ ስለተነዳ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጡት ቅንብሮች ለአማርኛ ተብለው አልተዘጋጁም። የኛ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጰ» ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ ክሊፐሩ ጫፋቸውን ሲቆርጠው ንግግሩ ይሻክራል። ድራይቩን (ወደ ክሊፐሩ የሚገባውን ድምፅ ኃይል) በ1 ወይም በ2 ዴሲቤል ቀንስና ዜና አስነብበህ ስማ። ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን ሰው ሳይሰለች ያዳምጣል። ኃላፊዎች «ከጎረቤት ጣቢያ አነስን» ይሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ጩኸት ሽፋን አይጨምርም ብዬ እከራከራለሁ። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ለሚወርድ ሰው የሬዲዮ ሞገዱን የሚጋርደው ተራራው ነው፣ ያንን ፕሮሰሰር አይፈታውም። እዚያ የሚረዳው ሌላ ነው፦ ስቴሪዮ ንጹሕ ሆኖ ለመሰማት ከሞኖ በ20 ዴሲቤል ገደማ የተሻለ ሲግናል ይፈልጋል። ንግግር በሚበዛባቸው ሰዓታት ፓይለቱን (ስርጭቱ ስቴሪዮ መሆኑን ለሬዲዮው የሚነግረውን ምልክት) አጥፍታችሁ በሞኖ ብታስተላልፉ ገደል ውስጥ ያለው አድማጭ የሬዲዮው የ«ሽ» ጩኸት ይቀንስለታል።

ለበገና የተለየ ቅንብር ያዝ። እንዝራው (በአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚሰጠው ንዝረት ላይኞቹን ባንዶች (የቀጭን ድምፅ ክልሎችን) ያጨናንቃል፤ ለዘመናዊ ዘፈን በተሞላ መልቲባንድ (ድምፁን በባንድ ከፋፍሎ በሚያስተካክለው ክፍል) ካሳለፍከው ንዝረቱ ገንኖ የደርዳሪውን ድምፅ ይውጠዋል። የላይኞቹን ባንዶች ድራይቭ ቀንሰህ በሌላ ስም አስቀምጠው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ትጠቀምበታለህ። ማሲንቆ ይህን ያህል አያስቸግርም።

ከቴሌግራም የወረዱ ዘፈኖችን ግን ምንም ማስተካከያ አያድናቸውም። አስቀድሞ የተጨመቀ ፋይል ፕሮሰሰር ውስጥ ሲገባ ጉድለቱ ይጎላል። ከቻልክ ዋናውን ቅጂ ፈልግ።

ስታስተካክል የስቱዲዮ ስፒከር አያታልልህ። በኪስ ሬዲዮ፣ በሞባይልና በሚኒባስ ውስጥ ስማው፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ ቢያንስ አንድ ሙሉ ፕሮግራም አዳምጥ። የፕሮሰሰሩን ሞዴልና ከትራንስሚተሩ ጋር በምን እንደተገናኘ ጻፍልኝ። በኤምፒኤክስ (ስቴሪዮውን ከነፓይለቱ አንድ ላይ በሚያስተላልፈው መስመር) ከሆነ ፓይለቱ ከ8 እስከ 10 በመቶ መሆኑን፣ ጠቅላላ ዴቪየሽኑም (ድምፁ ሞገዱን ከመካከሉ የሚያርቅበት መጠን) ከ75 ኪሎ ሄርዝ አለማለፉን መለኪያ ላይ አይተህ ቁጥሩን ላክልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።