ቀንደ ረጅም ወይስ ረጅመ ቀንድ?

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር አንባቢ ለሰፈሩ ልጆች ስለ ነፍሳት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀ ነው። በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ «የጥድ ጫካ» ስለሚኖር ጥንዚዛ ሲጽፍ «ረጅመ ቀንድ» አለው። ጓደኛው ደግሞ «ቀንደ ረጅም ነው የሚባለው» ብሎ ያዘው። ማን ልክ ነው? ነቀዝ ብለውስ ያስኬዳል? ይላል።

ጓደኛህ ልክ ነው አቦ። እንዲህ ባለው ቃል የአካል ክፍሉ ይቀድማል፣ የመጨረሻ ፊደሉም ወደ ግዕዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ድምፅ ይለወጣል (ቀንድ፣ ቀንደ)፤ ቅጽሉ ይከተላል። ልበ ሙሉ፣ አፈ ጮሌ፣ ፀጉረ ልውጥ እንላለን። ቀፊራ ገበያ ወርደህ ሸሚዝ ስትጠይቅም እጀ ረጅም ነው የምትለው፣ «ረጅመ እጅ» ብትል ባለሱቁ ግራ ይገባዋል። አንድ የታወቀ ጥንዚዛ ስትጠራ «ቀንደ ረጅሙ ጥንዚዛ» በል፣ ምልክቱ ቅጽሉ ላይ ነው የሚገባው። ሲበዙ «ቀንደ ረጅም ጥንዚዛዎች»፤ ቀንዱን አታብዛው።

ቀንድ ለስሙ ይበቃል። ማብራሪያው ውስጥ ግን «አንቴና» ብትል ይሻላል፤ ቀንድ ብቻ ካልክ ልጆቹ ይዋጋል ብለው ያስባሉ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ይህ ጥንዚዛ፣ በሳይንስ ስሙ አካንቶሲነስ ኤዲሊስ፣ በአንቴናው ያሸታል እንጂ አይዋጋም። ገላው ከ2 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የወንዱ አንቴና ግን ከገላው ሦስት አራት እጥፍ ይረዝማል! የሴቷ ያጥራል። ስለዚህ ስለዚያ ረጅም አንቴና ስትጽፍ «ጥንዚዛው» እንጂ «ጥንዚዛዋ» አትበል።

ነቀዝ ግን አይሆንም። ነቀዝ ጎተራ ገብቶ ማሽላችንን የሚጨርሰው ነው። «ነቀዘ» የሚለው ግስ ለእንጨትም ለጥርስም ይሠራል፣ እሱን አልክድም፤ ቢሆንም የዚህ ጥንዚዛ እጭ የሚመገበው በሞተ ወይም በተቆረጠ ዛፍ ቅርፊት ሥር ስለሆነ «ግንዱ ነቀዘ» ብትል ልጆቹ እንጨቱ ውስጡ ተቦርቡሮ ዱቄት የሆነ ይመስላቸዋል።

ያልጠየቅከኝን ልጨምር። «ጥድ» ስትል የሐረርጌ ልጅ የሚታየው የሐበሻ ጥድ ነው። «የፈረንጅ ጥድ»ም አያድንህም፣ እሱ በየግቢው የምንተክለው ሌላ ዛፍ ነው። ይህ ጥንዚዛ የሚኖርበት ሁለቱም አይደለም። «ቅጠሉ እንደ መርፌ የሆነ ፓይን የሚባል ዛፍ» ብለህ ጻፍላቸው፤ ከዚያ በኋላ ፓይን ማለት ብቻ ይበቃሃል።