እንደራሴን በዕጣ መሰየም ከእምነታችን ጋር ይጋጫልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሕዝብ እንደራሴዎች በምርጫ ሳይሆን በዕጣ ይሰየሙ የሚሉ ሰዎች አሉ። ዕጣ ቁማር አይደለምን? ማትያስ በይሁዳ ምትክ ሐዋርያ እንዲሆን በዕጣ ስለተሾመስ፣ ዕጣ የወጣለት ሁሉ የእግዚአብሔር ምርጫ ነው ይባላልን?

መልስ፦ ልጄ፣ ቁማር የባልንጀራን ገንዘብ ያለ ድካም ለመውሰድ የሚደረግ ነው። ዕጣ ግን በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ካህኑ ዘካርያስም ወደ ቤተ መቅደስ ለማጠን የገባው ዕጣ ደርሶት ነው (ሉቃ. 1፥9)።

የማትያስን ነገር ስታነብ ቅደም ተከተሉን አስተውል። ጴጥሮስ አስቀድሞ መመዘኛ አወጣ፦ ከዮሐንስ ጥምቀት እስከ ጌታ ዕርገት ከሐዋርያት ጋር የነበረ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ጸለዩ፤ ዕጣው የመጣው በመጨረሻ ነው (ሐዋ. 1፥21-26)። የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያንም ይህን ትከተላለች። እ.ኤ.አ. በ2012 መራጮች በድምፅ ሦስት እጩዎችን ከለዩ በኋላ፣ ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ከሦስቱ ስሞች አንዱን አወጣ። የወጣላቸው ፓትርያርክ ታዋድሮስ በድምፁ ቆጠራ አንደኛ አልነበሩም።

ወደ ሀገር አስተዳደር ስንመጣ ዕጣው ብቻውን አይበቃም። የጥንት አቴናውያን 500 አባላት ያሉትን ምክር ቤት ከ10 ነገዶች ሃምሳ ሃምሳ ሰው በዕጣ እያወጡ ይሰይሙ ነበር። ዕጣ የወጣለት ግን ሥራ ሳይጀምር ይመረመራል፣ ዓመቱን ሲጨርስም ይጠየቃል። የጦር አዛዦቻቸውንማ በድምፅ ነበር የሚመርጡት፤ ልዩ ችሎታ የሚጠይቀውን ሥራ ለዕጣ አልተዉትም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አሳብ ሲቀርብልህ መጀመሪያ ዕጣው ከየትኛው የስም መዝገብ እንደሚወጣ ጠይቅ። ድሀውና ቤት አልባው ካልተመዘገበ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት አድልቷል። ቀጥሎ አበሉን ጠይቅ፤ የዕለት ገቢውን ትቶ ለሚመጣ ሰው ካልተከፈለ፣ ጥሪውን የሚቀበለው ጊዜና ገንዘብ የተረፈው ብቻ ነው። ለዚህም ነው ሰዎች በዕጣ በሚሰየሙበት በብዙ ቦታ መጀመሪያ ለብዙ ሰዎች በዕጣ ጥሪ ተልኮ፣ ፈቃደኞቹ በዕድሜ፣ በፆታና በመኖሪያ ተመድበው ሁለተኛ ዕጣ የሚወጣው። አወጣጡም ሁሉ በሚያየው ቦታ ይሁን።

ስለ ዕጣ «መደቡ ሁሉ ግን ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው» (ምሳ. 16፥33)፣ ማለትም ውሳኔው የእግዚአብሔር ነው፣ የሚለው ቃል ማንንም ከተጠያቂነት አያድንም። ሳኦል በሕዝብ ፊት በዕጣ ተለየ (1ኛ ሳሙ. 10፥20-21)፤ ባለመታዘዙ ግን ከንጉሥነት ተጣለ። «የመረጠኝ እግዚአብሔር ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?» የሚል እንደራሴ ቢነሣ አትስማው።

ሰባቱን ዲያቆናት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መረጠ (ሐዋ. 6፥3-6)። ስለዚህ ሁለቱም መንገዶች ለምእመን የተፈቀዱ ናቸው፤ አንዱን በመደገፍህ ከሃይማኖት አትወጣም።

ያንተ ስም ቢወጣ፣ ጉዳዩ የሚነካው ዘመድ ወይም ንብረት ካለህ አስቀድመህ ተናገር፣ መማለጃ አትቀበል (ዘጸ. 23፥8)፣ ያልገባህንም ሳትረዳ እጅህን አታንሣ።