አሥር ግራም ስንት ኪሎ ይመዝናል? ለጅማው ወጣት መካኒክ የተሰጠ የሙያ ምክር

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ የሞተሩን ክፍሎች ክብደት ከመዘገብክበት ሠንጠረዥ ጋር ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ጥያቄህን በአጭሩ ላስቀምጠው። በአውቶሞቲቭ ሙያ ደረጃ 4 ጨርሰህ የብቃት ምዘናውን አልፈሃል፤ ጅማ ውስጥ ባጃጅና ሞተር ሳይክል በሚጠገንበት ጋራዥ ሁለት ዓመት ሠርተሃል። አሁን ደግሞ ከሁለት ጓደኞችህ ጋር ከአሮጌ ፊያት ቺንኳቼንቶ (ፊያት 500 ከምትባለው ትንሽ የጣሊያን መኪና) የወጣ ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ገዝታችሁ፣ ከቧንቧ በበየዳችሁት ቀላል መኪና ላይ ጭናችሁ፣ ከመንገድ ውጪ ለሚደረግ ውድድር ልታደርሱት እየሞከራችሁ ነው። ሞተሩ ግን ጋዝ ሲሰጠው ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፤ የጭስ ማውጫው ማሰሪያም ሁለት ጊዜ ተሰንጥቋል። ጥያቄህን የደመደምከው «ጋሼ፣ ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ የውድድር ሞተር የሚሠራበት ጋራዥ ልፈልግ ወይስ እዚሁ ልቆይ? በዚህስ ሙያ እንጀራ ይበላል? ይንገሩኝ» በማለት ነው።

መልሴን አላዘገየውም፤ ሥራህን አትልቀቅ። በማማከር ሥራዬ ካገኘኋቸው ወጣቶች መካከል በውድድር ሞተር ብቻ ቤቱን የሚያስተዳድር አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ሞተርንም ሆነ ሌላ የሚሽከረከር ማሽን ፈትቶ፣ ለክቶ፣ መዝኖና ሚዛኑን አስተካክሎ የሚገጥም፣ የሠራውንም በጽሑፍ ማሳየት የሚችል ሰው ግን በጅማ ዙሪያ ሥራ አያጣም። ይህን ሙያ የምትማርበት ዕቃ ደግሞ ገዝተህ በእጅህ አስገብተሃል። ስለዚህ ስለ ሥራ ፍለጋው ከማውራታችን በፊት ስለ ሞተሩ እናውራ፤ እኔም ወደ ማማከር ሥራ ከመግባቴ በፊት ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ማለፍ አልችልም።

በሠንጠረዥህ ላይ አንደኛው ፒስተን ከነፒኑና ከነፋሻው (ዙሪያውን ከሚያቅፉት ቀለበቶች ጋር) ከሁለተኛው በ10 ግራም እንደሚከብድ መዝግበህ፣ በጎኑ «ትንሽ ልዩነት ነው» ብለህ ጽፈሃል። እስቲ አብረን እናስላው። የዚህ ሞተር የፒስተን ጉዞ 70 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የክራንክሻፍቱ (የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ ሽክርክሪት የሚለውጠው ዘንግ) ክንድ የዚያ ግማሽ፣ 35 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር እነዚያ 10 ግራሞች የሚፈጥሩት ኃይል 35 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም የሦስት ኪሎ ተኩል ክብደት ያህል ነው። እናንተ ልታደርሱት ባሰባችሁት 6,000 ዙር ግን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚያድግ 138 ኒውተን፣ ማለትም የ14 ኪሎ ክብደት ያህል ይሆናል። ይህም በሰከንድ መቶ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ 14 ኪሎ ነው። ማሰሪያው የተሰነጠቀው የበየደው ጓደኛህ ሙያ ስለጎደለው አይመስለኝም።

ይሁንና ሁለቱን ፒስተኖች እኩል ብታደርጋቸውም መንቀጥቀጡ ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ ከወዲሁ እወቅ። በቺንኳቼንቶ ሞተር ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ፍንዳታው ግን በየተራ በእያንዳንዱ ሙሉ ዙር ይመጣል። ስለዚህ የሚቀጣጠልበት ምት እኩል ቢሆንም የመንቀጥቀጡ ነገር ከአንድ ትልቅ ሲሊንደር አይሻልም። ሲሊንደሮቹ ጀርባ ለጀርባ በተኙበት ሞተር፣ ለምሳሌ ሲትሮየን ዴሽቮ በምትባለው የፈረንሳይ መኪና 602 ሲሲ ሞተር፣ አንዱ ፒስተን የሌላውን ግፊት ያጠፋል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በሚወርድበት ሞተር ደግሞ ግፊቱ ቢጠፋም ክራንክሻፍቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያወዛውዝ ኃይል ይቀራል። በእናንተ ሞተር ማድረግ የሚቻለው በክራንክሻፍቱ ላይ ያሉት ማመዛዘኛ ክብደቶች የሚሽከረከረውን ክብደት ሙሉ በሙሉ፣ ከሚመላለሰው ክብደት ደግሞ ግማሹን ወይም ከግማሽ ትንሽ በላይ እንዲሸከሙ ማድረግ ነው። የተሸከሙት ክፍል ከቁመት ወደ ጎን ይዞራል እንጂ አይጠፋም። የፊያት መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ ሞተሩን ከኋላ በኩል በመጠምዘዣ ስፕሪንግ ላይ አንጠልጥለውታል። እናንተ በላካችሁልኝ ፎቶግራፍ ላይ በአራት ብሎን ቧንቧው ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ አስራችሁታል። ከ10 ግራሙ በላይ ያሳሰበኝ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ ሥራ ልግባ፤ አብዛኛውን እዚያው ጅማ ልትሠራው ትችላለህ። ከግራም በታች የሚለይ ሚዛን የለንም ብለሃል። ቡና ነጋዴ ናሙና የሚመዝንበት ዲጂታል ሚዛን የግራም አንድ አሥረኛ የሚለይ ከሆነ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ጠዋት ሥራ ሳይበዛ ሄደህ ጠይቅ፣ ክፍሎቹን ግን ከዘይት አጥበህ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ውሰድ፤ የቡና ሰው የናፍጣ ሽታ ከሚዛኑ አጠገብ እንዲደርስ አይፈልግም። ቢዬላውን፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ፣ በሁለቱ ራሶቹ በየተራ መዝነው። ትንሹን ራሱን በክር አንጠልጥለህ፣ ትልቁን ራሱን ሚዛኑ ላይ አሳርፈህ፣ ቢዬላው አግድም ቀጥ ብሎ እያለ አንብብ፤ ከዚያም ገልብጠህ ድገመው። የሁለቱ ንባብ ድምር ከሙሉው ክብደት ጋር ካልገጠመ ክሩ ወይም አግድሙ ተዛብቷል ማለት ነውና እንደገና ጀምር። የትልቁ ራስ ክብደት ከሚሽከረከረው፣ የትንሹ ራስ ከፒስተኑ፣ ከፒኑና ከፋሻው ጋር ከሚመላለሰው ይቆጠራል። ከባዱን ወደ ቀላሉ የምታመጣው ከፒስተኑ ውስጠኛ ክፍል፣ ከፒኑ መያዣ በታች ካለው ተረፍ ያለ ብረት ጥቂት በጥቂት በመፋቅ ነው፤ የፒስተኑን አናትና የጎን ግድግዳውን ፈጽሞ አትንካ። የግማሽ ግራም ልዩነት ላይ ስትደርስ አቁም።

ክራንክሻፍቱን ደግሞ ከቮላኖው (ጫፉ ላይ ከሚታሰረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ጋር አድርገህ፣ በቢዬላው ቦታ የሚሽከረከረውን ሙሉውን፣ ከሚመላለሰው ደግሞ ግማሽ ያህሉን የሚተካ ክብደት አስረህ፣ ቶርኖ ቤት በተስተካከሉ ሁለት ትይዩ የብረት ዘንጎች ላይ አስቀምጠው። ዘንጎቹ በውኃ ልክ ፍጹም አግድም መሆን አለባቸው። ክራንክሻፍቱ ቀስ ብሎ ተንከባልሎ ሲቆም ከባዱ ጎን ከታች ይሆናል፤ በጠመኔ ምልክት አድርግና ሦስት ጊዜ ድገም። ሦስቱም ጊዜ ምልክቱ ወደ ታች ከዞረ ከዚያ ወገን በመሰርሰሪያ ታቀላለህ። ሁለቱ ክንዶች በአንድ ወገን ስለሆኑ ለዚህ ሞተር ይህ ዘዴ ጥሩ መነሻ ነው፤ ክንዶቹ ተቃራኒ በሆኑበት ሞተር ግን ያታልልሃል፣ ዘንጉ ላይ ጸጥ ብሎ የቆመው ሲሽከረከር ይወዛወዛልና። ወደ አዲስ አበባ መሄድህ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ክራንክሻፍቱን እያሽከረከረ የሚያመዛዝን ማሽን ያለው ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች የሚፈጩበትና የሚስተካከሉበት ጋራዥ) አፈላልገህ፣ ስሌትህን ይዘህ፣ አንድ ቀን ቆመህ ሲሠራ ተመልከት።

በክራንክሻፍቱ ጫፍ፣ በፑሊው ውስጥ ያለው የዘይት ማጣሪያ አብሮ የሚሽከረከር ነውና በውስጡ የደረቀውን ዝቃጭ ሳታጸዳ የሠራኸው ሚዛን ሁሉ ከንቱ ነው። የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹንም ራስህ እጠባቸው። በወጣትነቴ አንድ ቦታ አስፈጭቼ ያመጣሁትን ክራንክሻፍት ታጥቧል ስላሉኝ ብቻ ገጥሜ፣ የመፍጫው ብናኝ አዲሱን ብሮንዚና (ክራንክሻፍቱ የሚያርፍበትን ለስላሳ ብረት) በሦስተኛው ቀን በላው፤ ደንበኛው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ጓደኛህ የፊያት 126ን ትልቅ ፒስተን እንግጠምበት ብሎ ስላቀረበው ሐሳብ ብዙ አልልም። ቺንኳቼንቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲወጣ 479 ሲሲና 13 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የእናንተ 499.5 ሲሲው 18 ይሰጣል። ከፊያት 126 የ594 ሲሲ ፒስተን ቢገባበት ጉልበት መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፒስተኑ ከ67.4 ወደ 73.5 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ክብደቱም ስለሚለወጥ የሠራኸውን ስሌት በሙሉ እንደገና ትጀምራለህ። በዚያ ላይ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ጉልበት ያነሰው ቤንዚኑ ስለበዛበት ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ የካርቡሬተሩን ጂግለር (የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን ቀዳዳ) ተመልከቱ።

እንግዲህ ስለ እንጀራው። ከአጋሮ እስከ ሊሙ ያሉት የእሸት ቡና መፈልፈያዎች፣ የደረቅ ቡና መቀሸሪያዎችና የገለባ ማራገቢያዎች ሁሉም የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ሚዛናቸው ሲዛባም እንደ እናንተ ሞተር ይንቀጠቀጣሉ፣ ኩሽኔታም (ዘንጋቸው የሚሽከረከርበትን ማረፊያ) ይበላሉ። ባለንብረቱ ኩሽኔታ ይለውጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ይለውጣል፤ ማራገቢያውን አውርዶ በሁለት ዘንግ ላይ አንከባልሎ የሚያይለት ሰው ግን የለውም። ቀይ ቡና መለቀም ከመጀመሩ በፊት፣ በክረምት ማሽኖቹ ቆመው ሳሉ ሄደህ የአንዱን ማራገቢያ በትንሽ ክፍያ ሥራ። ከአሠሪህ ጋር ቀደም ብለህ ተነጋገር፤ በጋራዡ ስም ብትሠራው እርሱም ያተርፋል፣ አንተም ከደመወዝህ አትነጠልም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ካሉት የሜካኒካል ምህንድስና መምህራን አንዱን ደግሞ ስሌትህን እንዲያርምልህ ጠይቀው፤ ሠንጠረዥ ይዞ የመጣን መካኒክ የሚመልስ መምህር የሚኖር አይመስለኝም።

የላክኸው የሥራ ማመልከቻ «ማንኛውንም ሞተር መጠገን እችላለሁ» ይላል። ይህን ሰርዘው። ሥራው ሲያልቅ በቦታው «የ499.5 ሲሲ ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ፈትቼ፣ የ10 ግራም የፒስተን ልዩነትን ወደ ግማሽ ግራም አውርጄ፣ ክራንክሻፍቱን አመዛዝኜ ገጥሜአለሁ፤ የልኬቱ መዝገብ ተያይዟል» ብለህ ጻፍ። መዝገቡ ውስጥ የሲሊንደሩ ልክ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ የተወሰደ ይሁን፤ የፋሻው ጫፎች ክፍተት፣ የብሮንዚናው ክፍተትና የእያንዳንዱ ብሎን ማጥበቂያ ልክም ይግባበት። የተሳሳትከውንም አትደምስሰው፣ በአንድ መስመር ሰርዘህ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፍ። ቀጣሪ ብሆን ከሁሉ በፊት የማየው እነዚያን ስርዞች ነው።

ሞተሩን ከቧንቧው ፈትታችሁ በስፕሪንግ ወይም በወፍራም ጎማ ላይ ካንጠለጠላችሁት በኋላ ሁለተኛውን ሠንጠረዥ ላክልኝ። በመጀመሪያው ላይ የቮላኖውን ክብደት አልጻፍከውም፤ እርሱንም ጨምርበት።