ቴሌስኮፑን ይዘሽ ውጪ፦ መሀል አዲስ አበባ ላይ ሰማይ ማሳየት ለፈለገችው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ በስልክ ለመመለስ ረዘመብኝና ለዛሬ አሳደርኩት። ላላነበባችሁ፦ እህታችን ውጭ አገር ያለ ዘመዷ ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ልኮላታል። ጓደኞቿን ሰገነት ላይ ጋበዘች፣ አንዴ አዩ፣ ዳግም አልመጡም። አሁን ለማታውቃቸው ሰዎችም ማሳየት ትፈልጋለች። በዚህ ሁሉ መብራት መሀል ይቻላል ወይ፣ ፈቃድስ ከየት ነው የሚወጣው ነው ጥያቄዋ።

ይቻላል። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ዓመታት ሆነኝ ይህን ስሠራ።

ስለ ጓደኞችሽ ልጀምር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ብርድ እንደጋበዝሻቸው እገምታለሁ። ያሳየሻቸውም አንድ ደብዛዛ ነገር ነው፣ ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ወይ ጋላክሲ። አንቺ ስለሱ አንብበሻል፣ ስንት የብርሃን ዓመት እንደሚርቅ ታውቂያለሽ። እነሱ ያዩት ግን ጭጋግ ነው። "ደስ ይላል" አሉሽና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። አይፈረድባቸውም። ከመሀል ከተማ ጋላክሲ ማሳደድ ድካም ነው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ደግሞ ሕንፃው ሁሉ መብራት ለብሷል፤ ፍኖተ ሐሊብን ከዚህ እርሺው። ጨረቃና ፕላኔቶች ግን መብራት አይበግራቸውም። የመንገድ ፖል ሥር ቆመሽ የሳተርንን ቀለበት ማየት ትችያለሽ። ስለዚህ፦

1. በጨረቃ ጀምሪ። ሙሉ ስትሆን ግን አይደለም። ያን ጊዜ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የላትም፣ ዓይን ከማጥበርበር ውጪ ብዙም አይታይባትም። ግማሽ አካባቢ ስትሆን ያዢያት። ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ላይ ተራራው ጥላውን ይዘረጋል፣ ጉድጓዱ ግማሹ በርቶ ግማሹ ጨልሞ ይታያል። ደግሞ የመጀመሪያዋ ግማሽ ጨረቃ ገና ሲመሽ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው፣ ሰው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት። ማንንም ማስመሸት አያስፈልግሽም።

2. የዓይን ሌንስ። ሳጥኑ ላይ "500 ጊዜ ያጎላል" የሚል ካለ አትመኚው። ለአንድ ሚሊሜትር የፊት ሌንስ ስፋት ሁለት እጥፍ ነው ልኩ። ያንቺ 70 ስለሆነ 140 እጥፍ ላይ ያበቃል፣ እሱም አየሩ ሲረጋ። ከዚያ በላይ ብዥታውን ነው የምታተልቂው። 20 ወይም 25 ሚሊሜትር በሚለው ሌንስ ጀምሪ። ጨረቃ ሙሉዋን ትገባለች፣ ለጀማሪም አትጠፋበትም። ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚያጎላው፤ ለሳተርን 10 ሚሊሜትሩ ይበቃል።

3. ቦታና ፈቃድ። እዚህ ላይ ነው ጊዜሽ እንዳይበላ የምፈልገው፣ እኔ ላይ የደረሰው ይበቃል።

የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ ወሩ ጥር ነበር፣ አንድ ሰፊ አደባባይ ላይ ለሰፈር ልጆች ክፍት የሆነ የሰማይ ምሽት ላዘጋጅ አሰብኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጁፒተር ገና ሲመሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ደብዳቤ ጻፍኩና ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ደብዳቤውን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ማህተም የለውም።"

"የግለሰብ ማመልከቻ ስለሆነ ነው።"

"ግለሰብ አያመለክትም። ከተቋም አምጣ።"

ለምኜ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ። ነገም ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ሳገኛቸው ተቀመጥ እንኳን አላሉኝም። ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሡ "ኮከብ ቆጠራ ነው?" አሉ። አይደለም፣ ሳይንስ ነው ብዬ አስረዳሁ። "መግቢያው ስንት ነው?" በነጻ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ቀና አሉ።

"ታዲያ አንተ ምን ታገኛለህ?"

ምንም አላገኝም፣ ሰው ሲያይ ደስ ይለኛል አልኳቸው። እመኚኝ፣ ነገሩ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው። ሰው ያለ ጥቅም ብርድ ላይ ቆሞ ያመሻል ብለው ማመን አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ያዩኝ እንደሚደብቅ ሰው ነው። "ከሚመለከተው አካል የድጋፍ ደብዳቤ ይዘህ ና" አሉኝ። የሚመለከተው አካል ማን ነው ስላቸው፣ "እሱን አንተ ነህ ማወቅ ያለብህ" ብለው ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

ስመላለስ የካቲት አለፈ። መጋቢት አለፈ። ሰማዩ ዳመነ፣ ክረምቱ ተከተለ፣ ጁፒተርም በምዕራብ በኩል ወርዶ ከፀሐይ ጋር ጠለቀ። አንድ ሙሉ የጥራት ወቅት በወረቀት አለቀ። ደብዳቤዬ እስከ ዛሬ መዝገብ ቤት ነው ያለው። አይቻልም ቢሉኝ ኖሮ ቅር አይለኝም ነበር፤ በዚያው ቀን ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ያቃጠለኝ "ነገ ና" ነው። ለዚያ ምሽት የነገርኳቸው የሰፈር ልጆች በየሳምንቱ "መቼ ነው?" እያሉ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ እሺ ወይም እምቢ በዚያው ደቂቃ ሊልሽ የሚችል ሰው ያለበት ቦታ ሂጂ። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ። በረንዳው ሰፊ የሆነ ካፌ ባለቤት። የምታውቂው የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። እኔ የኮሚቴያችንን ሊቀመንበር ደረጃ ላይ አግኝቼ ነው የጠየቅኳቸው። "ልጆቹ በኳስ መስታወት ከሚሰብሩ ይሄ ይሻላል፣ አውጣው" አሉኝ። አለቀ። ትልቅ ዝግጅት ካማረሽ ግን ማህተም ያለው አካል ከኋላሽ መኖር አለበት። ኢትዮጵያን ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ እነሱን አነጋግሪ። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ጓደኞችሽን አንድ ቀን ብትወስጃቸው መልካም ነው። ለመንገደኛ ግን ያንቺዋ ትንሿ ትሻላለች፣ እሱ ያለበት ድረስ ትሄዳለችና።

4. ከማንም በፊት ለጥበቃው አሳዪ። ጨለማ ውስጥ ሦስት እግር ላይ የተተከለ ቱቦ ለሩቅ ተመልካች ምን እንደሚመስል አስቢው። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲና ካምፕ አካባቢ ጭራሽ አታውጪው። ወደ ሰው መስኮትም ለአፍታ አታዙሪው። አንድ ጎረቤት "ቤቴን እያየች ነው" ካለ ሥራሽ አከተመ።

የኛ ጥበቃ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ዓይናቸውን አስጠጉ። ብዙ ቆዩ።

"ይሄ ጉድጓድ ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ማን ቆፈረው?"

ከሰማይ ድንጋይ ወድቆባት ነው አልኳቸው። እንደገና አጎንብሰው አዩ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ በላይ የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው። የሚገባውንም የሚወጣውንም "ና እስቲ፣ ድንጋይ የመታት ቦታ ይታያል" እያሉ ያስቆማሉ። ስለ ቴሌስኮፑ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣም መልሱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ብናገር እንደዚያ አልታመንም።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወውና የመንገዱን ላጫውትሽ።

ከግቢያችን በር ውጪ ጀበና ቡና የምታፈላ እህት አለች። አንድ ቀን አስፈቅጄ ከጎኗ ተከልኩት። ቡና የሚጠጣ ሰው ተቀምጧል፣ አይቸኩልም፣ ከዚህ የተሻለ ተመልካች የለም። ከታክሲ ተራው አንድ ተራ አስከባሪ መጣ። በዚያ ምሽት የነበረው ሳተርን ነው። ልጁ ዓይኑን አስጠግቶ ዝም አለ፣ ከዚያ ቀና ብሎ የቱቦውን ጫፍ በእጁ ዳሰሰ። ሥዕል የተለጠፈበት መስሎት ነው። እንዳልተለጠፈ ሲያረጋግጥ ድጋሚ አየ። ሰው መሰብሰብና መጋፋት ሲጀምር በዚያ ጎርናና ድምፁ "በሰልፍ! በሰልፍ! እማማ ይቅደሙ፣ አንተ ወደ ኋላ!" ማለት ጀመረ። ሰልፉ እስከ ቡናዋ ረከቦት ጫፍ ደረሰ። ማንም አልከፈለው፣ ማንም አላዘዘው። እኔ የዚያን ቀን የዚያን ኃላፊ ጥያቄ አስታወስኩ። መጥተው ቢያዩ ምን እንደማገኝ ይገባቸው ነበር።

ሰልፍ ሲመጣ የሚያስቸግሩሽ ነገሮች አሉ። ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ቱቦውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ምስሉም ይጠፋል። "እጅ ወደ ኋላ" በያቸው። አጭር በርጩማ አይለይሽ። አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ለብዙ ሰው ከባድ ነው፣ በመዳፉ ይሸፍን። መነጽር ያለው ያውልቅና ፎከሱን ራሱ ያዙር፤ እንዴት እንደሚዞር አሳዪው። ምድር ስለምትዞር ሳተርን በሁለት ደቂቃ ገደማ ከሌንሱ ውስጥ ሹልክ ይላል። በየሰዉ መሀል እያየሽ አስተካክዪ። ለምን እንደጠፋ ሲጠይቁሽም ንገሪያቸው፤ ምድር ስትዞር በዓይን ያዩት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ይዩ፣ ከዚያ ይጠይቁ። ሳያዩ አታስተምሪ። ጥያቄው ራሱ ይመጣል። "የአሜሪካ ባንዲራ ይታያል?" ይሉሻል። አይታይም፤ ጨረቃ በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ ሕዋ ላይ ያለው ሀብል ቴሌስኮፕም ያን ያህል ትንሽ ነገር ለይቶ አያሳይም። "ኮከቤን ንገሪኝ" የሚልሽም አይጠፋም። አትቆጪው፣ ሌንሱ ጋ አቅርቢው። የሚያማትቡ እናቶች አሉ፣ "ሥራህ ድንቅ ነው" ብለው ዕንባ የሚመጣባቸው። ዝም ብለሽ ቦታ ልቀቂላቸው፣ አታቻኩያቸው።

ጓደኞችሽ ተመልሰው እንዲመጡ ከፈለግሽ መልሱ ጁፒተር ነው። አጠገቡ የሚታዩት አራት ነጥቦች ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ያያቸው ጨረቃዎች ናቸው። በየቀኑ ቦታ ይቀያየራሉ። ዛሬ ሁለቱ በቀኝ ሁለቱ በግራ ከሆኑ፣ ነገ ሦስቱ በአንድ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። ያዩትን በስልካቸው ላይ በነጥብ ያስቀምጡ፣ በማግስቱ ያወዳድሩ። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ብሎ ነው የተያዘው፤ አሁን በሬን የሚያንኳኳው እሱ ነው። ሳተርንም ቢሆን ደህና ጊዜ ላይ ደርሰሻል። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ ቀለበቱ ጠርዙን ስለሰጠን እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። አሁን እየሰፋ የሚሄድበት ዓመታት ናቸው።

ይህን ነገር የጀመርነው እኛ አይደለንም። ጆን ዶብሰን የሚባል ሰው ነበር፣ ከ1915 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የኖረ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ የቬዳንታ (የሂንዱ እምነት) ገዳም መነኩሴ ሳለ ከቁርጥራጭ ጣውላና ከወፍራም ካርቶን ቱቦ ቴሌስኮፕ ይሠራ ነበር። ከገዳሙ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1968 የእግረኛ መንገድ ሥነ ፈለክ ቡድን አቋቋመ። ጎዳና ላይ ተክሎ አላፊ አግዳሚውን "ና ጨረቃን እይ" ይላል። ሳንቲም አይጠይቅም። ዛሬ ዶብሶኒያን የሚባለው የቴሌስኮፕ ዓይነት በሱ ስም ነው የሚጠራው። ያ ሰው እኛ አገር ቢመጣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር ብዬ ሁሌ አዝናለሁ።

እኛ ደግሞ እሱ ከተማው ላይ ሆኖ የማያገኘው ሰማይ አለን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብ ከእንጦጦ አናት ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። በግንቦት መጀመሪያ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ፊትሽን ወደ ቄራ ብታዞሪ የደቡብ መስቀል የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ቆሞ ታገኚዋለሽ። አጠገቡ ያለው አልፋ ሴንታውሪ በዓይን አንድ ኮከብ ይመስላል፣ በቴሌስኮፕሽ ግን ሁለት ሆኖ ይለያል። ውጭ አገር ያሉ የሙያው ወዳጆች ይህን ስነግራቸው ይቀኑብኛል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ። ፀሐይን ያለ ትክክለኛ ማጣሪያ አታሳዪ፣ አንቺም አትዪ። ማጣሪያው ከፊት፣ የቱቦው አፍ ላይ ነው የሚደረገው። ሳጥኑ ውስጥ በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዝ ጥቁር መስታወት ካለ ጣይው፤ በሙቀት ይሰነጠቃል፣ ዓይን ያጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በነበረው የቀለበት ግርዶሽ ሰፈራችን ውስጥ በራጅ ፊልም የሚያዩ ነበሩ፣ እየዞርኩ ሳስጥል ነው የዋልኩት። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ አለ። ሙሉ ግርዶሹ በግብፅ ሉክሶርና በየመን በኩል ነው የሚያልፈው። እኛ በከፊል ነው የሚደርሰን፣ ክረምቱ ከከፈተልን። ሰፈሩ ሁሉ ያን ቀን ወደኔ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ወዳንቺም ይመጣሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ትክክለኛ የፀሐይ ማጣሪያ ፊልም የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ሥር ጻፉልን። እህቴ፣ ዘመድሽ ሰው የሚልክ ከሆነ ደግሞ ኤ4 የሚያህል አንድ ቅጠል ፊልም አስመጪ። ግማሹን እኔ እከፍላለሁ፣ ለሁለታችንም ቴሌስኮፕ ይበቃል።