የአንደኛው ዓለም ጦርነት ፓይለቶችን የሟች ቁጥር ለጠየቅከው ልጅ

ወንድሜ "የእንግሊዝ ፓይለቶች ከውጊያው ይልቅ ልምምድ ላይ ነው ያለቁት የሚባለው እውነት ነው ወይ፣ ለዩቲዩብ ቪዲዮ ቁጥሩን ከየት ላግኝ" ላልከው፣ እኔ በዚሁ ጉዳይ ለአንድ ቻናል ስክሪፕት ጽፌ ብሬን የተበላሁ ሰው ነኝና ስማኝ።

1. "14 ሺ ሞቱ፣ 8 ሺው ልምምድ ላይ ነው" የምትለዋን እንዳትነካት። ኢንተርኔቱን ሞልታዋለች እንጂ የታሪክ ሰዎቹ ራሳቸው አልተስማሙባትም። ልምምድ ላይ ብዙ ወጣት አልቋል ብትል ግን ማንም አይከራከርህም። ይሄንን ለቻናሉ ባለቤት ብነግረው "8 ሺ ርዕሱ ላይ ካልገባ ቪው አያመጣም" አለኝ፣ እምቢ ስል ለሌላ ሰው አስጨርሶ የኔን ቀሪ ሒሳብ እስካሁን "ነገ ነገ" ይለኛል።

2. ጠቅላላ ድምር ከምታሳድድ አንድ ወር ያዝ። ሰሜን ፈረንሳይ፣ አራስ (Arras) የምትባለው ከተማ አካባቢ፣ ኤፕሪል 1917። እንግሊዞች ወደ 245 አውሮፕላን አጡ፣ 211 ሰው ሞተ ወይ ጠፋ፣ 108 ተማረከ፣ ጀርመኖቹ ያጡት አውሮፕላን 66 አካባቢ ነው። ምክንያቱን ካልነገርክ ግን ቁጥሩ ባዶ ነው፦ ለመድፈኛው ፎቶ ለማንሳት ቢ.ኢ.2 በምትባለው ቀርፋፋ አውሮፕላን ጀርመኖቹ የያዙት መሬት ድረስ መግባት ነበረባቸው፣ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ የተመታው ሲመለስ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ከላይ ደግሞ ባለሁለት መትረየሱ የጀርመን አውሮፕላን አልባትሮስ ይጠብቀዋል፣ 20 ሰዓት እንኳ ሳይበር የተላከ ልጅ ነበር፣ ፓራሹት ደግሞ የለም! ባሉን ላይ ለሚወጡት ሰጥተው ለፓይለቱ አልሰጡም፣ ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል።

3. አደጋውን በሰው አሳይ። የኔ ስክሪፕት የሚጀምረው በእንግሊዛዊው ፓይለት በማካደን ነበር፣ እና ጥሩ አጀማመር ነው ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። 57 አውሮፕላን የጣለ፣ የእንግሊዝን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያ ቪክቶሪያ ክሮስን የተሸለመ ሰው ጁላይ 9 ቀን 1918 አዲሱን ስኳድሮኑን (የአውሮፕላን ምድቡን) ሊረከብ ሲሄድ ፈረንሳይ ውስጥ ገና ከመሬት እንደተነሳ ሞተሩ ከዳውና ተከስክሶ ሞተ፣ ጠላት የሚባል አጠገቡ ሳይኖር። ቦልከ (Boelcke) የሚባለው ዝነኛ ጀርመናዊ ፓይለትም በ1916 የሞተው ከራሱ ጓደኛ አውሮፕላን ጋር ተላትሞ ነው። የቻናሉ ባለቤት ማካደንን "ማን ያውቀዋል" ብሎ ቆረጠው፣ ቀዩ ባሮን የሚባለውን ጀርመናዊ ፓይለት አስገባ፣ እሱን የማያውቅ አለ እንዴ?

ስም በስም ከፈለግክ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ሳይት በነጻ ይፈለጋል፣ የአር.ኤ.ኤፍ (የእንግሊዝ አየር ኃይል) ሙዚየምም የመኮንኖቹን የጉዳት ቅጾች ኦንላይን አውጥቷል። ብቻ እስከ ኤፕሪል 1 ቀን 1918 ድረስ የምድር ጦሩና የባህር ኃይሉ የየራሳቸው አየር ክፍል ስለነበራቸው አንዱን ቆጥረህ ጨረስኩ እንዳትል።

ደግሞ 1917 ስትል "በፈረንጆች" በል፣ በኛ 1909 ነው። ሰውየው "1917 ዓ.ም" ብሎ ለቆት ኮሜንቱ ሁሉ "ይሄ የቅርቡ አይደል እንዴ" ሆኗል፣ እስካሁንም አላስተካከለውም።